ጋሼና የካርቡራተሩ ብሎን

አባቴ ሲሞት አሮጌ መኪናው ለእኔ ቀረች። በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር የማታውቅ ነጭ መኪና ናት። ኦስትኤንድ በሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር፣ አንድ የጋራ ግቢ ውስጥ ጋራዥ ተከራይቼላታለሁ። በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራዋ ሲደርስ የምጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአባቴን ጓደኛ። አሥመራ ተወልደው፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ገብተው ሙያውን የተማሩ፣ እዚህ ፍራንክፈርት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ በመለኪያ መሣሪያ አያምኑም። ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱና፣ መኪናዋ እንደቆመች በካቻቪቴ የካርቡራተሩን ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ ያዞራሉ። ብሎኑ ሲጠብቅ ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይንገዳገዳል። ሲላላ ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛና ድምፁ ይከብዳል። ትክክለኛው ልክ መሀል ላይ ነው፤ እሱን የሚያገኙት በጆሯቸው ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ጉልበታቸው ደክሟል፤ የቀራቸው ኩራት ይህ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ።

ባለፈው ጸደይ ግን ጆሯቸውም ደክሞ ነበር። ስልካቸው አጠገባቸው እየጮኸ አያነሱም። ጥያቄ ስጠይቃቸው "እሺ፣ እሺ" ይሉኛል። እኔ አውቄዋለሁ፤ እሳቸው ያወቁት ግን አልመሰለኝም። ለአባቴ ጓደኛ "ጆሮዎ አይሰማም" ማለት ደግሞ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሰውን እያከበርኩ ነው ያሰኛል እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ፈሪነት ነው። ይህን የተረዳሁት ከረፈደ ነው።

በዚያ ቀን ኒደርራድ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ቆምኩ። ብሎኑን ባዞሩ ቁጥር ቀና ብለው ፊቴን ያያሉ።

"እንዴት ነው ልጄ?"

"ጥሩ ነው ጋሼ።"

ብሎኑን ጥቂት አላልተው፣ "አሁንስ?"

"በጣም ጥሩ!"

እንደ ድሮ የጋራዥ ተማሪዎቻቸው እየፈተኑኝ መስሎኝ ነበር። ድምፁ ከብዷል፤ የቤንዚኑ ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኛል። እኔ ግን አውራ ጣቴን አንስቼ ሳቅሁላቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ኮፈኑን ዘጉ።

ምርመራው ቦታ ሠራተኛው የመለኪያውን ቱቦ ከኋላ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ከቶ ስክሪኑን ተመለከተ። ብዙም አልቆየም። ቤንዚኑ ከሚገባው በላይ በዝቷል፣ አላለፈችም ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ጋሼ በሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል።

"ምን አለ?"

"ሞተሩ በደንብ አልሞቀም አለ። ሌላ ቀን ቴርሚን፣ ቀጠሮ እንይዛለን፣ ምንም አይደለም" አልኩ ጮክ ብዬ።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። አርባ ዓመት ሙሉ የጀርመን ወረቀት ያነበቡ ሰው መሆናቸውን ረስቼው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ከአሁን በኋላ የማንንም ሞተር እንዳይነኩ አደረግኋቸው እያልኩ መኪናዋን ነዳሁ።

ጋራዡ ስንደርስ ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱት። ካቻቪቴውን ያዙና ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ ሞተር መስማት ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ" አሉ። "ሌላ ሰው ሲጠራኝ አልሄድም፤ አሞኛል እላለሁ። አንቺ ስትጠሪኝ የመጣሁት ትነግረኛለች ብዬ ነው። እኔ ስሰማ የነበረው ሞተሩን አይደለም፤ አንቺን ነው።"

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ተዪው አሉኝ። ሞተሩን አስነሳሁት። ጎንበስ ብለው ካቻቪቴውን ብሎኑ ላይ አሳረፉና ሳያዞሩት ፊቴን እያዩ ጠበቁኝ።

"ቤንዚኑ በዝቷል ጋሼ" አልኩ እያለቀስኩ። "ያኔም በዝቶ ነበር።"