የቦራ እግርና እኔ ያሰርኩት ፋሻ

እብጠቱን መጀመሪያ ያየው ከድር ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ያኔ መናገር ስላቃተኝ ነው።

ሰኞ ማለዳ ነበር። ቦራ የሚባለው የውድድር ፈረሳችን ከልደታ ማርያም ጀርባ ባለው የአባቴ ግቢ፣ ጋጣው ውስጥ ቆሟል። ጠባቂው ከድር ተንበርክኮ የግራ የፊት እግሩን ከጉልበት በታች ይዳስሳል።

«እትዬ አስናቀች፣ ይሄኛው እግሩ ይሞቃል። ከኋላ በኩል ጅማቱ ላይም ትንሽ አብጧል።»

እኔም ዳሰስኩት። ሙቀቱ ተሰማኝ። ምንም የለውም አልኩ።

ምክንያቱን ልናገር። እናቱ በወለደችው በሳምንቱ ስትሞትበት ቦራን በጡጦ ወተት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላም ሜክሲኮ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ጋጣውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ከድር ከወሎ መጥቶ እኛ ዘንድ ከተቀጠረ ገና ስምንት ወሩ ነበር። ቦራ ግን የእሱን ኮቴ ከበሩ ሲሰማ ያሽካካል፤ እኔ ስገባ ጆሮውን ብቻ ያዞራል። ጃንሜዳ ለልምምድ ስንሄድ ሰው ሁሉ «የከድር ፈረስ መጣ» ይላል። ከድር «የእትዬ ነው» ብሎ ያርማቸዋል። ማረሙ ደግሞ ይብስ ያበሽቀኝ ነበር።

«ትናንት ቆሞ ስለዋለ ነው፤ ሲንቀሳቀስ ይጎድላል» አልኩት። እንዲህ ያለ እብጠት በእርግጥ አለ። ፈረስ ጋጣ ውስጥ ቆሞ ሲውል እግሩ ይሞላል። ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን የኋላ እግሮች አንድ ላይ ነው የሚይዘው፤ አይሞቅም፣ ሲነኩት አያምም፣ ትንሽ ሲራመድ ይጠፋል። የቦራ ግን ያበጠው አንድ እግሩ ብቻ ነበር። ይሞቅ ነበር። በጣቴ ስጫነው እግሩን ነጠቀኝ። ልዩነቱን አባቴ አስተምሮኛል። አውቅ ነበር።

ገመዱን ይዤ አስወጣሁት።

«ዛሬ ይረፍ እትዬ፣ ሐኪም ይየው።»

«አንተ ከመምጣትህ በፊትም እዚህ ቤት ፈረስ ነበር» አልኩት።

በአስፋልቱ ላይ አንዴ በእርምጃ፣ አንዴ በሶምሶማ ግማሽ ሰዓት ያህል አዞርኩት። ስንመለስ ያነክሳል።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ኢላስቲክ ፋሻ አምጥቼ እግሩን ጠቀለልኩ። ከሥሩ ጥጥ አላደረግኩም። አጥብቄ አሰርኩት። ከድር ጥጥ ይዞ መጣ። አልተቀበልኩትም። እስከ ነገ እንዳይፈታ ብዬ አዝዤ ሥራ ሄድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት እግሩ ከፋሻው በላይ ተነፍቷል። መኖውን አልነካም። ፈታሁት። ፋሻው ጅማቱ ላይ ጠልቆ አሰርጉዶታል። ቦራ በሦስት እግሩ ቆሟል። እጄን ስዘረጋለት ፊቱን አዞረ፤ አፍንጫውን የከድር ደረት ላይ አሳረፈ።

በዚያች ደቂቃ እንኳ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ቅናት ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ረፋዱ ላይ መጡ። ሙቀቱን ለኩ፤ ሠላሳ ስምንት ነው፣ ለፈረስ ጤነኛ ሙቀት። ሴሉላይትስ፣ ማለትም የቆዳ ሥር ኢንፌክሽን ቢሆን ትኩሳት ይኖረው ነበር አሉ። ከዚያ በአልትራሳውንድ እግሩን አዩ።

«ቴንዶናይትስ ነው፤ የጅማት ቁጣ። የተበጠሱ ክሮች አሉ። ፋሻው ደግሞ አባብሶታል።» ቀና ብለው ከድርን አዩት። «ፈረስ ጠባቂ ሆነህ ያለ ጥጥ ታስራለህ? እግሩን ልታሳጣው ነበር እኮ!»

ከድር መሬት መሬት አየ። አልመለሰም።

እኔም ዝም አልኩ።

ሕክምናው ቀዝቃዛ ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ሃያ ደቂቃ፣ ሐኪሟ በመጠን ያዘዙት ፊኒልቡታዞን የሚባል የሕመምና የእብጠት ማስታገሻና ፍጹም ዕረፍት ነበር። ውድድር በዚህ ዓመት የለም። አራት ቀን ሙሉ ከድር ውሃ ሲያፈስለት በመስኮት አየሁ። በአምስተኛው ቀን ዶክተሯ ተመልሰው ሲመጡ፣ ከድር ባለበት፣ «ፋሻውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሱ ከልክሎኝ ነበር» አልኩ።

ዶክተር ሄለን ከድርን ይቅርታ ጠየቁት። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት።

«ብናገር ከቦራ ይለዩኛል ብዬ ፈራሁ» አለ።

እውነቱን ነው። ቢናገር ኖሮ ያኔውኑ አባርረው ነበር።

እብጠቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጎድልም ጅማቱ ድኗል ማለት እንዳልሆነ ዶክተሯ ደጋግመው ስላስጠነቀቁን፣ መጀመሪያ በእርምጃ አሥር ደቂቃ፣ ከወራት በኋላ በሶምሶማ፣ በየመሃሉ በአልትራሳውንድ እያስመረመርን፣ እሱ ሲቸኩል እኛ እየያዝነው ዓመቱን ጨረስን። በተከታዩ ዓመት ሮጦ አራተኛ ወጣ፤ እኔና ከድር አንደኛ የወጣ ያህል ጮኽን። ቅናቱ ጨርሶ ለቆኛል ብዬ ግን አልዋሽም፤ ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ያኔ እጄን ከፈረሱ ላይ አነሳለሁ።

ፈረስ ያላችሁ ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት አራቱንም እግር ዳስሱ፤ አንዱን ከጓደኛው ጋር አስተያዩ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመመው አታስሩጡት፤ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ ሐኪም ጥሩ። ትኩሳት ካለው ወይም እግሩን መርገጥ ካቃተው ለነገ አትበሉ። ፋሻ ማሰር የማታውቁ ከሆነ አትሰሩ። ከእናንተ በታች ያለ ሰው «ይሞቃል» ካላችሁ ደግሞ እመኑት።

ዶክተር ሄለንን አመሰግናለሁ። ከድርን ስለ ዝምታው አላመሰግነውም፤ ያን ዝምታ ያስገደድኩት እኔ ነኝ። የማመሰግነው ጥፋቴን ባመንኩ ማግስት፣ በማለዳ፣ የውሃውን ጎማ እጄ ላይ አድርጎ «ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያሉ እትዬ» ስላለኝ ነው።