ቆርኬ ልናይ ነበር የሄድነው

እኔ የዱር አራዊት ናፋቂ አይደለሁም። ሐዋሳ የሚኖር ሰው ጉሬዛውን ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ አባ ኮዳ የሚሉትን ትልቅ ወፍ አሣ ገበያ ውስጥ እንደ ባለሥልጣን ሲንጎራደድ ያያል፤ ይበቃዋል። ስለዚህ የልብ ጓደኛዬ "ሎጅ ይዤልሻለሁ፣ ቅዳሜና እሁድን ቆርኬ እያየን እናርፋለን" ስትለኝ እሺ ያልኩት ለቆርኬው ብዬ አልነበረም። ከእሷ ጋር መሳቅ አምሮኝ ነው።

ያን ሰሞን ሳቅ ርቆኝ ነበር። ባሌን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን ጋር ጥዬው ወጥቼ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ ለሥራ ይቀርበኛል አልኳቸው። እውነቱን የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነው። ባሌ እጁን እንደሚያነሳብኝ፣ የበለዘ ክንዴን በረጅም እጅጌ ሸፍኜ ሥራ እገባ እንደነበር። አቅፋኝ አለቀሰች። አብረን ጸለይን። "ከጌታና ከእኔ ሌላ ማንም አይሰማም" አለችኝ።

አፌ አላረፈም፤ ሌላም ነገር ነገርኳት። "ሽማግሌ ቢልክም አልመለስም። በዚህ ዓለም እምቢ ማለት የማልችለው አንድ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸውን ታመው ቤት ውለዋል" አልኳት። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝን ጎረቤታችንን ማለቴ ነበር። አባባ ነው የምላቸው። የዳሩኝም እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ደረስን። ሎጁ የሣር ክዳን ጎጆዎቹን ሜዳው ዳር ደርድሯል። ቆርኬዎቹን አየናቸው፤ ፊታቸው ረዘም ብሎ የተቀየመ ሰው ይመስላል። ከመኪና እንዳንወርድ ያስጠነቀቀን አስጎብኚ አንድ ከርከሮ አሳየን፤ የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበርክኮ ሣር ይግጣል። "ትሑት ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ አንገቱ አጭር ስለሆነ ነው። ለሆዱ ነው የሚንበረከከው" አለን። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ጓደኛዬም ሳቀች፤ ግን ስልኳን አሥሬ ታያለች። ሥራ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ በረንዳው ላይ ሰዎች ቆመዋል። ሦስቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው ባሌ፣ ክራቫት አስሮ። ከፊታቸው ደግሞ አባባ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ሻዩ ቀርቧል፣ የነካው የለም። እንደ ወጉ ሽማግሌ የመጣበትን እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። "ትዳርሽ እንዲተርፍ ብዬ ነው፣ እህቴ" አለች፤ ዓይኔን ግን አላየችም። እኔ ፒጃማ ሳጣጥፍ እሷ ሽማግሌ ስታሰባስብ ከርማለች።

ወደ ውጪው በር ሄድኩ። ጥበቃው "እህት፣ በእግር መውጣት አይቻልም፤ አውሬ አለ" አለኝ። አውሬውስ ውስጥ ነው ልለው ነበር። እሱ ምን አደረገኝ፣ ተመለስኩ።

አንዱ ሽማግሌ ጀመሩ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፣ ትዳር ክቡር ነው፣ ይቅርታ የክርስቲያን ነው፤ ሁሉንም በየተራ አሉት። ባሌ ሳይጠሩት መጥቶ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ጠዋት ያየሁት ከርከሮ ትዝ አለኝ።

እሱን እምቢ ማለት ቀላል ነበር። የከበደኝ አባባን ማየት ነው። ቀኝ ጉልበታቸው አልጸና ብሏቸዋል። ከአልጋ ወደ ደጅ ለመውጣት ሰው የሚደግፋቸውን አባት ጓደኛዬ መኪና ላይ አስጭና ያስመጣቻቸው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በራሴ አፍ ነግሬያታለኋ! ከባሌ ዱላ አንዱም እንዲህ አላመመኝም።

"አባባ፣ ይቀመጡ እባክዎ" አልኳቸው።

"ቤትሽ ልትገቢ ነው?"

እሺ ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ለጉልበታቸው ስል እመለሳለሁ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አይደለም፣ አባባ" አልኩ።

"እያመሸ ስለሚገባ አኩርፋ ነው አሉኝ። ለዚህ ለዚህ ቤት ይፈታል፣ ልጄ?"

"ማን ነው እንደዚያ ያለዎት?"

በከዘራቸው ወደ ጓደኛዬ አመለከቱ።

"ይመታኛል፣ አባባ። እሷም ታውቃለች።"

ባሌ እንደተንበረከከ መሬት መሬቱን ያያል። አባባ ወደ እሷ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ይህን እያወቅሽ ነው ያስመጣሽኝ?" አሏት። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

አባባ በእጃቸው ወንበር ፈለጉና ቀስ ብለው ተቀመጡ። የመጡበትን ማንም እሺ አላላቸውም። ለሽምግልና ቆሞ እሺ ሳይባል የተቀመጠ ሰው፣ ጉዳዩን ተውኩት ማለቱ ነው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። አባባ ቀዝቃዛውን ሻይ ወደ እኔ ገፋ አድርገው "ጠጪ፣ ልጄ" አሉኝ።

ያንኑ ቀን አመሻሹ ላይ በጓደኛዬ መኪና ተመለስን፤ እኔና አባባ ከኋላ፣ እሷ ብቻዋን ከፊት። አባባን ቤታቸው ካስገባን በኋላ እኔን ሰርቪስ ቤቴ ደጃፍ ስታወርደኝ ክንዴን ያዘችኝ። የያዘችው ያን ይበልዝ የነበረውን ክንዴን ነው።

"ስለምወድሽ ነው ያደረግኩት" አለች።

"አውቃለሁ። እሱም መትቶኝ ሲያበቃ እንደዚሁ ነበር የሚለኝ" አልኳትና ክንዴን አስለቀቅሁ።

ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። የተደረገብኝን ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ የማድር አልመሰለኝም፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁ። ጣቴ እንደ ልማዱ ሄዶ የእሷ ቁጥር ላይ አረፈ።