ስምንት እግር እንሰት

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። ጀልበኛ ነው። «ከደልጊ ዕቃ ተልኮልዎታል፤ ወደቡ ላይ ነን፤ ካልመጡ እኛው እንበላዋለን» አለኝ። የባሕር ዳር ጀልበኛ ሲቀልድና ሲያመርር ድምፁ አንድ ነው። ስለዚህ ፈጥኜ ሄድሁ።

ዘንቢሉ ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ነበር። ላኪዋ ዓለም ናት፤ የድሮ ጎረቤታችን የእትዬ ጥሩወርቅ ልጅ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ ብዙ ወር ሳንገናኝ ቆይተናል። ዳቦውን ቤት ወስጄ መጻፊያ ጠረጴዛዬ ላይ በመጻሕፍቱ መካከል አስቀመጥሁት። እሳት የለበለበው ቅጠል ሽታው ክፍሉን ሞላው። ይህን ሽታ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሲያሸትቱት ዓመት በዓል ትዝ ይላቸዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ የአባቴ ፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ሳልፈታው ዋልሁ።

ስለ ገጠር ሰው ደግነት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። አብዛኛውን የጻፈው ቅዳሜ ሄዶ እሑድ የተመለሰ ሰው ነው። እኔ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ። ደግነቱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከተጻፈው ይበልጣል። ማንም ሲጽፈው ያላየሁት ግን ደግ ጎረቤት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ክፉ ጎረቤት ቢኖረኝ ጓሮዬን አጥሬ እዘጋው ነበር። ለደጎቹ በሩን ከፍቼ ተውሁት፤ ማወቅ የሚገባቸውን አንድ ነገር ግን ሳልነግራቸው ቀረሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አስተማሪ ሆኜ ከደልጊ ወጣ ባለች፣ ጣና ዳር ባለች መንደር ተመደብሁ። አባቴ በዚያው ዓመት ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቷል። በወጣትነቱ ሥራ ፍለጋ ከከምባታ ባሕር ዳር መጥቶ የዳንግላ ልጅ አገባ፤ እኔን ወለደ፤ ሠላሳ ዓመት ማሽን ሥር ቆመ። የኖርነው በቀበሌ ቤት ነው። ከበራችን ውጭ አንድ ጣሳ አበባ የሚያስቀምጥ መሬት አልነበረንም። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። የአባቴ ጉበት እንደታመመም ሁለታችን እናውቃለን።

«አባዬ፣ እዚያ እኮ ሆስፒታል የለም» አልሁት።

«መሬት አለ?»

«መሬትማ ሞልቷል።»

«እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ» አለ።

የተከራየነው ቤት የእትዬ ጥሩወርቅና የባላቸው የአያ ስንሻው ነበር፤ እነሱ ከጎን ባለው ግቢ ይኖራሉ። ጓሮው እየዘቀዘቀ እስከ ሐይቁ ደንገል ዳር ይወርዳል። በደረስን ቀን ማንንም ሳንጠራ ሰው መጣ። አንዱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚያፈሰውን ደፈነ። ሌላው ሁለት ቆሮሶ ዓሣ በደንገል አንጠልጥሎ አምጥቶ ስሙን እንኳን ሳይነግረን ሄደ። እትዬ ጥሩወርቅ አንድ ቁና ሽንብራ አምጥተው ማጀቱ ውስጥ አስቀመጡና «እንግዳ እስኪለምድ ይበላል፤ ከለመደ በኋላ ይሠራል» አሉን። አባቴን በሳምንቱ «አያ ደስታ» ማለት ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት በኖረበት ከተማ አያ ያለው ሰው አልነበረም።

መጋቢት ላይ አባቴ አገሩን አይቶ ልምጣ ብሎ ሄደ። ሲመለስ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ስምንት እግር እንሰት ይዞ መጣ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ካልጫንሁት ሲል አልሰጥም ብሎ፣ መንገዱን ሁሉ በጉልበቶቹ መካከል አቅፎ እንዳመጣው ነገረኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

ሊተክል ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያግዝ ወጣ። አያ ስንሻው ፍግ በቅርጫት ተሸክመው መጡ።

«ኮባ ነው አይደል?» አሉ።

«እንሰት ነው» አለ አባቴ።

«እኛ ኮባ ነው የምንለው። ግን ስምንት! ለገዳም ሊጋግሩ ነው እንዴ?»

«ይበላል።»

«ቅጠሉ?»

«ግንዱ። ሥሩም።»

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ አልሳቁም። ወደ እኔ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «መምህር፣ አባትህ ሲያድጉ ረሃብ አይተዋል እንዴ?» አሉኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። እትዬ፣ ይህ የአባቴ አገር እህል ነው፤ ግንዱን ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ አብላልተው፣ ጋግረው ይበሉታል፤ እኛ ቆጮ የምንለውን እሱ ዋሳ ይለዋል ብል ያበቃ ነበር። እሳቸውም «አይ የእግዜር ሥራ!» ብለው አንድ ቅርጫት ፍግ ይጨምሩ ነበር። ግን እኔ ትምህርት ቤት አባትህ ከየት ነው ሲሉኝ «ከአዲስ አበባ» እያልሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። መጽሐፍ ብዙ አንብቤያለሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሁለት ሰዓት ያህል ሳላርፍ መናገር እችል ነበር። ፊቴ ግን ጋለ።

«ኧረ ቀልዱን ነው እትዬ። አባዬ ቀልድ ይወዳል» አልሁ። አብሬያቸውም ሳቅሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ እፎይ ብለው ሳቁ፤ ወሬውም መንደሩን ዞረ። ከዚያ ወዲህ በጓሯችን ያለፈ ሁሉ «አያ ደስታ፣ ግንዱ አልደረሰም? ማንኪያ ይዘን እንምጣ?» ይላል። አባቴም ጎንበስ ብሎ ከሚኮተኩትበት ሳይነሣ «ገና ነው፤ ጥርሳችሁን ሳሉ» ይላቸዋል። እሱ እውነቱን እየነገራቸው የሚጫወት ይመስለዋል፤ እነሱ ቀልዱን ያደንቁለታል። እኔ በመካከል ቆሜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አንድ ቀን ከራሴ ጓሮ ዋሳ ልብላ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቅም» ይላል። ናፍቆት የሚባለው ነገር የሰነፍ ሰው ሥራ ይመስለኝ ስለነበር «ቆጮ እኮ ባሕር ዳርም ሆቴል አይጠፋም፤ ቅዳሜ ስሄድ ላምጣልህ» አልሁት። «የሆቴሉን አንተ ብላው» አለኝ።

ክረምቱ መጣ፤ ሐይቁ እስከ ጓሯችን ጫፍ ወጣ፤ እንሰቶቹ በእርጥቡ አፈር ተመነደጉ። በጋ ሲሆን አባቴ ውኃ የማመላለስ አቅም እያጣ ሄደ። ያን ጊዜ ጎረቤቶቹ ተራ ገቡ። በጋ በመጣ ቁጥር፣ አንድም ቀን ሳያጓድሉ፣ ከሐይቁ በጀሪካን ውኃ እየቀዱ ቀልድ ነው ለሚሉት ተክል አጠጡ። ደግነት ስል እንዲህ ያለውን ነው። ለምን እንደሚያጠጡ አንዳቸውም አልጠየቁም። አያ ደስታ ስለወደደው ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ እንሰቶቹ ከጣሪያው በላይ ሆኑ። አባቴ ግንዶቹን በእጁ እየለካ ዞረና «ደርሷል» አለ። መፋቁ የሴት ሥራ ስለሆነ እሱ አያውቅበትም። ከምባታ ላለችው እህቱ ላከባት፤ የካቲት ላይ እመጣለሁ አለች። ማብላሊያውን ጉድጓድ ግን ራሱ ቆፈረው። ጤነኛ ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን ሁለት ሳምንት ፈጀበት፤ ጥቂት ይቆፍርና ጫፉ ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ያያል። እንደገና ይቆፍራል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ወደቀ። በጀልባ ባሕር ዳር አድርሼ ሆስፒታል አስተኛሁት። እትዬ ጥሩወርቅ አያ ደስታ በእግራቸው ከተመለሱ መንደሩን ሁሉ ዳቦ አበላለሁ ብለው ለሚካኤል ተስለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጀልባው ረዳት መልእክት ይዞ ሆስፒታል ድረስ መጣ።

«እትዬ ጥሩወርቅ ለስለቱ ዳቦ ኮባውን እንቁረጠው ወይ ብለዋል።»

ጠየቁኝ እኮ። ይህን ነው ለራሴ ማስተባበል ያቃተኝ። አባቴ አጠገቤ ተኝቷል። እኔ ስለ ሩቅ አገር ገበሬና ስለ መሬቱ የተጻፈ ወፍራም ልብ ወለድ እያነበብሁ ነበር፤ በጣም የሚያስለቅስ መጽሐፍ ነው። ቀና ሳልል «ይቁረጡ በላቸው፤ ቅጠል አይደል» አልሁ።

ከጥምቀት በኋላ ሐኪሙ ወደ ውጭ ጠራኝና «ከእንግዲህ ቤቱ ይሻለዋል» አለኝ። አባቴም ትርጉሙን አላጣውም። «የካቲት እኮ ቅርብ ነው» አለ ብቻ።

ደልጊ ስንደርስ አያ ስንሻው በቅሎ ይዘው ወደቡ ላይ ጠበቁን። መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ግን ገና በሩ ላይ «ጓሮ አድርሱኝ» አለ። ከበቅሎው ወርዶ በአያ ስንሻውና በእኔ ትከሻ ተደግፎ ስለቱ በእግሩ እንዲፈጸም ያሰበ ይመስል ቀስ እያለ ሄደ።

ጓሮው ተጠርጓል፤ አረሙ ተነቅሏል፤ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር አዲስ ጭቃ ተመርጓል። እንሰቶቹ በነበሩበት ስምንት ነጭ ጉቶ በመሥመር ቆሟል። ከአጥሩ ወዲያ የአያ ስንሻው በሬዎች የመጨረሻውን ግንድ ያኝካሉ።

«ቅጠሉ ላይ መድረስ አቃተን» አሉ አያ ስንሻው ኩራት በተሞላ ድምፅ፣ «ስለዚህ ከሥር ከሥሩ ጣልናቸው። አያስቡ፣ እንደ ሙዝ መልሶ ያቆጠቁጣል። ግንዱም አልባከነም፤ በሬዎቹ እንዴት እንደወደዱት ቢያዩ!»

አባቴ ጉቶዎቹን አየ። ባዶውን ጉድጓድ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የነገርኋቸውን ሁሉ ከፊቴ ላይ አንብቦ ጨረሰ።

እትዬ ጥሩወርቅ ትኩሱን ዳቦ ከነቅጠሉ በሞሶብ ክዳን ላይ አድርገው አቀረቡ። «ይኸው አያ ደስታ፣ በራስዎ ኮባ ነው የጋገርነው። ቆርሰው ይባርኩልን።» ስለታቸው ደርሶላቸዋል።

አባቴ ቆረሰ። ለሳምንት ያህል ከሻይ በቀር ምንም አፉ ያልገባ ሰው አንድ ሙሉ ቁራሽ፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው በላ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘና «ይበላል ብዬ አልነገርኋችሁም?» አለ።

እንዴት እንደሳቁ! አያ ስንሻው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አባቴም ፈገግ አለ። «እጃችሁ ይባረክ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ። እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣኝም። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «አባዬ፣ ስለዚያ ኮባ...» ብዬ ጀመርሁ።

«እንሰት ነው» አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ስለዚያ ነገር የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

መቃብሩን የቆፈሩት፣ ያለቀሱለት፣ ሳምንቱን ሁሉ እኔን ያበሉኝ እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው። አክስቴ የደረሰችው በየካቲት፣ እንዳለችው ቀን፣ ከቀርከሃ የተሠራ የእንሰት መፋቂያ በመቀነቷ አስራ ነው። መቃብሩን አይታ ተመለሰችና ጉቶዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። በአገሯ ቋንቋ ረጅም ነገር ተናገረች። ለእኔ ይሁን ለአባቴ አላውቅም፤ ከቋንቋው አንድ ቃል አልሰማም። ከዚያ ተነሥታ መቆፈሪያ ጠየቀች። የእያንዳንዱን ጉቶ መሐል ፈለፈለች፤ ፍግ ሞልታ አፈር አለበሰችው። ፍጉን ያመላለሱላት አያ ስንሻው ናቸው። «ክረምት ይወጣል» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ፤ በማግስቱም ሄደች።

እኔ ክረምቱን አልጠበቅሁም፤ ባሕር ዳር ተዛወርሁ። ከየጉቶው ቡቃያው ተሻምቶ መውጣቱን ሰማሁ። እትዬ ጥሩወርቅ «የአያ ደስታ ኮባ» እያሉ ለየቤቱ አካፈሉት። ዛሬ በዚያ መንደር ኮባ የሌለው ጓሮ የለም ይላሉ። ሁሉም ዳቦ ይጋግርበታል። ዋሳ የፋቀ ግን የለም።

ዳቦው በደረሰኝ ሐሙስ አመሻሹ ላይ ለዓለም ደወልሁላት።

«ደረሰልዎ መምህር? አልሻገተም?»

«ደርሶኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ከአያ ደስታ ኮባ ነው የተጋገረ። ልጆቼ አዲስ ሲተክሉ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ? እማዬ፣ ነፍሷን ይማር፣ ያስተማረቻቸውን ነው። አፈሩን ረግጠው 'ይበላል!' ይላሉ፤ ከዚያማ መንከትከት ነው። አያ ደስታ እንዴት ያለ ቀልደኛ ነበሩ!»

አፌን ከፈትሁ። ያልጠየቁኝን ሰዎች ስሕተት በጽሑፍ እያረምሁ ሃያ ዓመት የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህንን ለማረም ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ «ቀልድ አልነበረም»። ከስልኩ ወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ብናገር ዓለም ስለ እናቷ ምን እንደምታስብ አሰብሁ፤ ውኃውን የቀዱትንም፣ መጥረቢያውን ያነሡትንም አሰብሁ። አባቴ ያን ቀን ዝም ያለው ለእነሱ ብሎ ነው። እኔ ዛሬ ዝም የምለው ለእነሱ ይሁን ወይም ያኔ የጋለው ፊቴ ገና ሳይበርድ ቀርቶ፣ መለየት አልቻልሁም።

«አዎ» አልሁ፣ «ቀልድ ይወድ ነበር።» ዓለም ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ስልኩን ዘግቼ ቅጠሉን ፈታሁት። ዳቦው መልካም ዳቦ ነው፤ ምንም እንከን አይወጣለትም። ዋሳ ግን እስከ ዛሬ ቀምሼ አላውቅም።