ሳምሶን የተያዘ ቀን

ዛሬ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ስሳፈር አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አረቄ አረቄ ሸተተኝና አባቴ ትዝ አለኝ።

አስር ዓመቴ ነበር። የጎረቤታችን የእትዬ አስቴር ልጅ ሳምሶን ኪሱ ውስጥ ሀሺሽ ተገኝቶበት ፖሊሶች ሲወስዱት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያይ ነበር። አባቴም የአረቄ መለኪያውን እንደያዘ በራችን ላይ ቆሞ፣ «ይበለው! ሱሰኛ! ሰፈራችንን አሰደበ» አለ።

እትዬ አስቴር እንባቸውን ጠርገው ወደ አባቴ ዞር አሉ።

«ልጄ አጥፍቷል፣ ይቀጣ። ግን ጋሼ ተፈራ፣ ሰክረው በወደቁ ቁጥር ከቦይ አንስቶ ቤትዎ የሚያስገባዎት ማን ነበር?»

አባቴ መለኪያውን ጨልጦ ገባ።

በሳምንቱ ቦዩ ውስጥ ወድቆ አገኘነው። እናቴና እኔ እየጎተትን ስናስገባው ጎረቤቶቻችን እናቴን «አይዞሽ» አሏት። አባቴን ሱሰኛ ያለው ግን ማንም አልነበረም።