መከታ የላሰው ተማሪ

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. የክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ደብረ ታቦር በጣሊያን እጅ ነበረች፤ እኔም ጥርሴ የሚወላልቅ ልጅ ነበርኩ።

ያስታወሰኝ ትናንት የሰማሁት የውሻ ጩኸት ነው። ካሜራ ያነገቱ እንግዶች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ የጎረቤት ውሻ ጮኸባቸው። ጉልላቱንና ሥዕሎቹን አይተው ይመለሳሉ፤ ከቅጥሩ ጀርባ፣ በድንጋይ ካብና በእሾህ አጥር መካከል ወደሚወርደው ጠባብ መንገድ የሚወስዳቸው የለም። እዚያ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆዎች ነበሩ፤ ጎንበስ ካላሉ የማያስገባ በር፣ የእርጥብ ለምድ ሽታ፣ ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ ንባብ። የእኛ ቤት ከመንገዱ መጨረሻ ስለሆነ፣ አኩፋዳቸውን አንግተው ለልመና ሲወጡ መጀመሪያ የሚደርሱት እኛ ደጅ ነው። በእናቴ ቤት በእመቤታችን ስም ለምኖ ባዶውን የተመለሰ የለም። ውሻችን መከታ ግን ተማሪ አይወድም ነበር፤ እሱ የቀደደውን ለምድ እናቴ ስትሰፋ ትውል ነበር።

በዚያ ዓመት ታላቅ ወንድሜ አያሌው ጉና ላይ ከአርበኞች ጋር ነበር። ጨውና ወሬ ሲቸግራቸው ለምድ ለብሶ፣ ተማሪ መስሎ በዚያ መንገድ ይመጣል። ከሞፈር በቀር ፊደል የማያውቅ ሰው ስለነበር እናቴ ጓዳ አስገብታ ልመናውን አስጠናችው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ድምፁ ያው የእርሻው ድምፅ ነው።

«ኧረ ቀስ! እመቤቴን እንደ በሬ ጠራሃት!» አለችው።

«በሬውስ ሲጠሩት ይሰማ የለም እንዴ፣ እምዬ?»

አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

እያደር ምላሱ ቀናለት፤ እውነተኞቹ ተማሪዎች እንኳ ከየትኛው ደብር እንደመጣ ጠየቁት። ለእኔም ሰው ፊት «ወንድምዓለም» እንዳልለው ተነገረኝ፤ አላልኩትም። ሁላችንም ምላሳችንን ጠበቅን። መከታን ግን ያሰበው አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወንድሜ ከደጅ ተጣራ። አንድ ባንዳ በመንገዱ ሲያልፍ ነበር። መከታ ዘሎ ወጣና ሁለት እግሩን በወንድሜ ትከሻ ላይ ጭኖ ፊቱን ላሰው። ወንድሜ በዱላው ቢገፋው ጨዋታ መሰለውና ዱላውን ነክሶ ይዞረው ጀመር።

ባንዳው ቆመ። ሳቀ። ሱሪውን ሰብስቦ ባቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየ።

«እኔም ተማሪ ሳለሁ ብዙ ክረምት ለምኛለሁ፤ ይኸው የውሻ ምጽዋት። ተማሪ የሚስም ውሻ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። አንተ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ወንድሜ በሩ ላይ ወደቆመችው እናቴ አልተመለከተም። «የእግዜር ልጅ ነኝ» አለ።

ልጄ ብትል ቤቱ ከነእኔ እንደሚቃጠል እናቴ ታውቃለች። የበሩን መቃን ይዛ፣ ለማንኛውም ተማሪ እንደምትለው፣ «እመቤቴ ትከተልህ» አለችው። ባንዳው በጠመንጃ እየነዳ ወደ ጣሊያኖቹ ሰፈር ወሰደው፤ መከታም እስከ መታጠፊያው ድረስ ጅራቱን እየቆላ ተከተላቸው። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን ያየው የለም። መቃብሩንም አናውቅም።

ጎጆዎቹ ፈርሰዋል፤ መንገዱንም ግንብ ዘግቶታል። ለእንግዶቹ ላሳያቸው ብል የማሳየው የለኝም። ልጆች ሰጥቶኛል፣ ዕድሜ ሰጥቶኛል፤ ተመስገን እላለሁ። ስለዚያ ቀን ግን ሰባ ጊዜ ብሰግድም የምለውን አላገኘሁም።

ወንድሜ በተወሰደ ማግስት ጠዋት እናቴ ከመደቧ አልተነሳችም። ከደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ተሰማ። መከታ ጅራቱን እየቆላ በረረ፤ ደጁ ሲደርስ ቆመና መጮህ ጀመረ። ለወንድሜ የተጋገረው የገብስ ቂጣ እንደተሸፈነ ነበር። አንስቼ ወጣሁ፤ በአንድ እጄ የውሻውን አንገት አቅፌ፣ በሌላው ቂጣውን ከማላውቀው ተማሪ አኩፋዳ ውስጥ ከተትኩት።