ከበሮ የማይፈራው ውሻ

በምኖርበት ብርዳም አገር ሰዎቹ ዘመን ሲለውጡ ገና ሳይመሽ ርችት መተኮስ ይጀምራሉ። ዘንድሮ የጎረቤቴ ውሻ ደረጃው ሥር ተወሽቆ ወለሉን በጥፍሩ ሲቧጥጥ ሰማሁ። ያ ድምፅ ባሻ ወልዴን አስታወሰኝ፤ ፊቴም እንደ ልጅነቴ ጋለ።

ባሻ ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። ካኪ ካፖርታቸው ሁልጊዜ የብል መድኃኒት ይሸታል። የኛ ውሻ መቻል ለሌባ ደፋር፣ ለድምፅ ግን ፈሪ ነበር። የቡሄ ሰሞን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ ደንብሮ፣ ከተማውን አቋርጦ በኤረር በር ወጣ። ጅብ በላው ብለን ካለቀስን በኋላ ጭቃ ለብሶ ተመለሰ። አባቴ ሁለተኛ ከደነበረ ቤቴ አይገባም ብሎ ቆረጠ። ይህን ሲሰሙ ነው ባሻ ለኔ ተዉት ያሉት።

"ፍርሃት በዱላ አይወጣም ልጄ፤ በጉርሻ ነው የሚባበለው" አሉኝ።

እኔ መቻልን አቅፌ ደጃፋችን ላይ እቀመጣለሁ። እሳቸው ከግቢያቸው ጥግ፣ ከዘይቱኑ ዛፍ ሥር ሆነው ባዶ የሳልሳ ጣሳ በማንኪያ ቀስ አድርገው ይመታሉ፤ ያኔ ቁራሽ ዳቦ አጎርሰዋለሁ። ጆሮው ከተለጠፈ ያቆማሉ፤ ከዘነጋ ትንሽ ጠጋ ይላሉ። መስከረም ጠብቶ ኅዳር ሲገባ ጣሳው በሠርግ ከበሮ ተተካ። መቻል ከበሮ በሰማ ቁጥር ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። እኔና ባሻ ኮራን።

ጥምቀት መጣ። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ሲመለስ ነጭ ለብሼ ከመዘምራን ልጆች ጋር ነበርኩ። ከበሮው ሲደለቅ መቻል ሕዝቡን ሰንጥቆ፣ የተነጠፈውን ምንጣፍ ረግጦ መጣና ከከበሮ መቺው ዲያቆን ፊት ቁጢጥ ብሎ አፉን ከፈተ። ውሻ፣ ታቦት ፊት። ዝማሬው ተቋረጠ። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ሴቶቹ የማን ነው እያሉ ሲጠያየቁ፣ መቻል እኔን አየኝና መጥቶ እግሬ ላይ ተኛ። የመዳፉ ጭቃ ቀሚሴ ላይ ታተመ። አንድ ደብተራ መቋሚያውን አነሣ።

ባሻ ካፖርታቸውን እያወለቁ መሐል ገቡ።

"ልጅቱን ተዋት። ያባለግሁት እኔ ነኝ፤ ከመታህ እኔን ምታ።"

ውሻውን በካፖርታቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈውት ወጡ።

አባቴ ከከተማው ግንብ ውጭ ለጅብ ይጣል አለ። ባሻ አልሰጡም፤ ግቢያቸው አስረው አስቀሩት። የንስሐ አባታቸው እስከ ፋሲካ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመው እንዲያስቀድሱ አዘዟቸው። ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ያገኛቸው ሁሉ፣ "ባሻ፣ ውሻዎ ቆረበ ወይ?" ይላቸዋል።

"ገና ነው። ሁለታችንም ንስሐ ላይ ነን" ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው።

ሰው ይስቃል። እኔ ለመቻል የተገዛውን ዳቦ ይዤ ከጎናቸው መሬት መሬቱን አያለሁ። ያፈርኩት በሳቸው ይሁን በሚስቀው ሰው፣ ያኔ አልለየሁትም።

መቻል ዳግመኛ ሳይደነብር በሳቸው ግቢ አረጀ።

ዘንድሮ ርችቱ ሲያይል ከኩሽና ባዶ ጣሳና ዳቦ ይዤ ወጣሁ። ከመተላለፊያው ጫፍ ቆሜ በማንኪያ ቀስ አድርጌ መታሁ። የውሻው ባለቤት በሯን ከፍታ ስታየኝ እንደ ሌባ ደነገጥኩ፤ ውሻው ግን መቧጠጡን ተወ።

ከባሻ የቀረልኝ ይኼ ነው። ሌላም አለ፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ መናገር ያሳፍረኛል። እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን በተከራየነው አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ከበሮ ሲመታ፣ ዓይኔ መጋረጃውን ትቶ ወደ በሩ ይሄዳል። የሚመጣ ውሻ እንደሌለ አውቃለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ ቁራሽ ዳቦ በእጄ በኖረ እላለሁ።