ስለ ራሴ የፎከርሁበት ቀን

አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። የእንግዳ ማረፊያው ኃላፊ ከቢሮው ወጥቶ ገመዱ ሥር ቆመና፣ «እናት፣ ሰምተዋል? አዲሷ ፈረንጅ አለቃ ሠራተኛውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ልትጠይቅ ነው። መመለስ ያቃተው ይሰናበታል» አለኝ። እርጥቡ አንሶላ ከእጄ አምልጦ አፈር ላይ ወደቀ። ደግሜ አጠብሁት።

ሥራው ከቀረ ደብረ ማርቆስን ለቅቄ አምበር ያለው ወንድሜ ቤት መግባቴ ነው። እሱ ደግሞ ለልጄ ባል አዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀን። አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ትምህርት ቤት ያቆየኋት በዚያው ደሞዝ ነው።

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍሁም። ከእንግዶቹ የለቀምሁት እንግሊዝኛም «ዋተር»፣ «ታወል»፣ «ፊኒሽ» ነው። ልጄ የአባቷን ኮት ደርባ መደቡ ላይ ወጣችና ፈረንጇን ሆና ትጠይቀኝ ጀመር። ስሜን፣ ሥራዬን፣ የት እንደምኖር ያዝሁት። ያልያዘልኝ ሌላ ነው።

«ስለ ራስሽ ንገሪኝ ትልሻለች። ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ ብርቱ ነኝ ትያለሽ። ነጠላውንም ከአፍሽ አውርጂው። ዓይን ዓይኗን እያየሽ።»

«ታማኝ ነኝ? ሰው ይበለኝ እንጂ፣ እኔው በራሴ አፍ?»

«እዚያ የሚመሰክርልሽ የለም፣ እማ። ብቻሽን ነሽ።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ግን ሰው ፊት ልብሴን የማወልቅ ይመስለኛል። እናቴ ወጧን ሲያመሰግኑላት እንኳ «ኧረ ጨው ያነሰው ነው» የምትል ሴት ነበረች። ልጄ ደጋግማ ስትጠይቀኝ፣ እኔም እንደ ሕፃን አንገቴን ስደፋ፣ እሱ ከሁሉ ባሰብኝ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እሳት ልትጭር ገብታ ሰማችን። ልጄ ነገሩን አስረዳቻት።

«እንዲህማ ከሆነ ፉከራ ነው» ብላ ሳቀች። «ባልሽ ሠርግ ቤት ዘራፍ ብሎ ራሱን ሲያሞግስ መች አፈረ? አንቺም ተነሺና ፎክሪላት።»

«እውነቷን እኮ ነው» አለች ልጄ። «እንደ አባዬ በይው።»

እንደ ቀልድ ተነሥቼ ሞከርሁት። ወጣልኝ። ቆሜ ከሆነ ይወጣል፤ ስቀመጥ ይጠፋል።

የቀጠሮው ዕለት ኃላፊው ከፈረንጇ ጎን ተቀምጧል። ስሜን ጠየቀችኝ፤ መለስሁ። ቀጥላ ያንኑ የፈራሁትን፣ ስለ ራስሽ ንገሪኝ አለች። አንገቴን ደፋሁ። ነጠላዬ ሳላውቀው አፌ ላይ ወጥቷል። ኃላፊው እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ አየሁና ልጄ በወንድሜ ደጃፍ ስትገባ ታየችኝ።

ተነሣሁ። ወንበሩ ከኋላዬ ወደቀ። «አይ አም ስትሮንግ። አይ አም ኦነስት። አይ አም ጉድ ወርከር» እያልሁ፣ እጄን እያወናጨፍሁ፣ በባሌ እርምጃ ወዲህ ወዲያ አልሁ። ድምፄ ግቢውን ሞላው። የወጥ ቤት ሠራተኞች መስኮቱ ላይ ተደረደሩ።

ስጨርስ ኃላፊው ፊቱን በወረቀት ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፈረንጇ አልሳቀችም። ቀስ ብላ፣ ትናንት ምን እንደሠራሁ ጠየቀችኝ። ቆሜ ስለነበር አፌ አልተዘጋም፤ አንሶላውንም ፎጣውንም በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኋትና ወንበሩን አንሥቼ ወጣሁ።

ማጠቢያው ጀርባ ተሸሸግሁ። ከወጥ ቤት «ዘራፍ፣ የአንሶላ ጀግና» ሲሉ ይሰማኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ኃላፊው ፈልጎ አገኘኝ።

«ምነው እናት፣ ምን ያሸሽዎታል? አልፈዋል። ፈረንጇ፣ ፈርታም ቢሆን ትመልሳለች፤ እንግዳ ሲጠራት ዝም የማትል ነው የምፈልገው ብላለች።»

እፍረቱ ቀድሞ ስለነበር ደስታው ወዲያው አልገባኝም። ዛሬም ያን ቀን ሲያነሡብኝ ነጠላዬን ወደ አፌ እስባለሁ። ያን ዕለት ቤት ስደርስ ልጄ ደጃፍ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«አምበር አንሄድም» አልኋት። «ድነናል።»